የጃፓን ቢላዋና የሰኮሩው ባለእጅ

ዛሬ የምናወራው ስለ ቢላዋ ነው። ስለ ጩቤና ስለ ጎራዴ እንዳይመስላችሁ፤ ሽንኩርት ስለምንከትፍበት፣ መሳቢያ ውስጥ ከማንኪያ ጋር ሲጋጭ ስለሚያድረው ስለዚያ ምስኪን የማድ ቤት ቢላዋ ነው። «እሱ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የምትሉ አትጠፉም። እኛም በቅርቡ ድረስ እንደዚያው ነበርን።

ነገሩ የጀመረው ሰኮሩ ላይ ነው። ሰኮሩን ለማታውቁ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ስትጓዙ የጊቤን ቆላ ተሻግራችሁ ጅማ ከመድረሳችሁ በፊት የምታገኟት ከተማ ናት። እዚያ አክስት አለችን። ለበዓል ስንሄድ ስጦታ ይዘን መሄድ አለብንና ከአዲስ አበባ አንድ ሱቅ «ሳንቶኩ» የሚባል ቢላዋ ገዛንላት። ሣጥኑ ላይ የጃፓን ፊደል አለበት፤ ብረቱ ላይ ደግሞ እንደ ማዕበል የሚጠማዘዝ ውብ መስመር አለው። ሻጩ «ኦሪጅናል ጃፓን!» ብሎ ማለልን። (ሣጥኑን ስንገለብጠው ጥግ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ቻይና መሠራቱን ይናገራል። እሺ ይሁን፣ ዛሬ ከቻይና የማይመጣ ምን አለና!)

ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሰን ስንሄድ አክስታችን ቢላዋውን አምጥታ አሳየችን። ማዕበሉ የለም! በሽቦ ስታሸው፣ ስታሸው፣ ታጥቦ ሄዷል።

«እናንተ ልጆች፣ ቢላዋ ነው ወይስ ቀለም ነው የገዛችሁልኝ?» አለችንና ሳቀች። ከዚያም ከጓዳ የራሷን ቢላዋ አወጣች። አጭር፣ ጠባብ፣ ጀርባው ወፈር ያለ፣ እጀታው የእንጨት። ከኛ ዕድሜ ብዙም አያንስም። እዚያው ሰኮሩ ገበያ የሚቀመጥ ቀጥቃጭ የሠራው ነው። ሽንኩርቱን በግራ እጇ ይዛ፣ ያለ መክተፊያ፣ ስታደቀው ዓይናችን እያየ አለቀ።

እኛም ሁለት ጥያቄ ይዘን ተመለስን። አንደኛ፣ ይህ ሁሉ ሰው የሚያወራለት የጃፓን ቢላዋ በእርግጥ ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ የአክስታችን ቢላዋ ሃያ ዓመት ሲያገለግል ማን ሠራው ብሎ የጠየቀ ሰው ለምን ጠፋ?

ከጎራዴ ወደ ጎመን

ከጃፓን እንጀምር። (የጃፓኑን ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር እንደምንጽፈው ያዙልን።)

«ሳንቶኩ» ማለት በግርድፉ «ሦስቱ መልካም ነገሮች» ማለት ነው። ሥጋ፣ ዓሣና አትክልት በአንድ ቢላዋ። ስሙን ስትሰሙት የሳሙራይ ዘመን ነገር ይመስላችኋል፤ እኛም መስሎን ነበር። ግን ሳንቶኩ ለቤት እመቤቶች ተብሎ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ከብዙዎቻችን አያቶች ዕድሜ አይበልጥም!

ከጀርባው ያለው ታሪክ ግን ረጅም ነው። በ675 ንጉሠ ነገሥት ቴንሙ የከብት፣ የፈረስ፣ የውሻ፣ የዝንጀሮና የዶሮ ሥጋ መብላትን የሚከለክል ትእዛዝ አወጣ። ክልከላው በሁሉም ዘመን እኩል ባይጠበቅም ሥጋ መብላት በጃፓን ለብዙ ዘመናት እንደ ነውር ሲቆጠር ቆየ። ስለዚህ የቀድሞዎቹ ቢላዋዎቻቸው በሥጋ ላይ አልተገሩም። «ናኪሪ» የሚባለው ለአትክልት ነው፤ አራት ማዕዘን፣ ስስ፣ ስለቱ ቀጥ ያለ። «ደባ» የሚባለው ለዓሣ ነው፤ ወፍራምና ከባድ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ የተሳለ።

በ1868 የሜጂ ዘመን መጣ። ጃፓን በሯን ከፈተች፤ በ1872 ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ የበሬ ሥጋ መብላቱ ለሕዝብ ተነገረ። የፈረንጅ ምግብ ሲገባ የፈረንጅ ቢላዋም ገባ። የጃፓን ብረት ሠሪዎች ቅርጹን ወስደው በራሳቸው ስልት ሠሩትና «ግዩቶ» አሉት፤ ቃል በቃል «የበሬ ጎራዴ» ማለት ነው። ሳንቶኩ ደግሞ ኋላ ላይ የናኪሪንና የግዩቶን ጠባይ አዋህዶ ለትንሿ የከተማ ማድ ቤት የተበጀ ነው።

እዚህ መሀል አንድ ትልቅ ነገር ተፈጠረ። በ1876 የሜጂ መንግሥት ከወታደርና ከፖሊስ በስተቀር ማንም በአደባባይ ጎራዴ እንዳይታጠቅ አገደ። እስቲ አስቡት፤ አባቱም አያቱም ጎራዴ ሲሠሩ የኖሩ ሰው በአንድ አዋጅ ገበያውን አጣ። ብዙዎቹ ሥራውን ተዉት። ሌሎቹ ግን ያንኑ እሳት፣ ያንኑ መዶሻና ያንኑ ዕውቀት ይዘው ወደ ማድ ቤት ዞሩ። ሴኪ የምትባለዋ ከተማ የጎራዴ አገር ነበረች፤ ዛሬ የቢላዋ አገር ናት። ሳካይ ደግሞ ቀድሞውንም ፖርቱጋሎች ያመጡትን ትምባሆ የሚከትፍ ቢላዋ በመሥራት ስም ያወጣች ነበረች፤ የዘመኑ መንግሥትም ለቢላዋዋ ልዩ ማኅተም ፈቅዶላት ነበር። መንግሥት የቀጥቃጭን ሥራ አይቶ «ይህ ጥሩ ነው» ብሎ ማኅተም መታ ማለት ነው። ይህችን ነጥብ ያዟት፤ እንመለስባታለን።

ባሌስትራ

አሁን ወደ ቤታችን።

ብረት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በአክሱም ቁፋሮዎች የብረት መሣሪያዎች ተገኝተዋል። በደቡብ ኦሞ የዲሜ ሰዎች እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ድንጋይና አፈሩን አቅልጠው ብረት ያወጡ ነበር። ጅማም ብትሆን የነጋዴ አገር ናት። ዛሬ ጅማ ከተማ የሆነችው የያኔዋ ሂርማታ፣ ከሸዋ ወደ ከፋ በሚወስደው የሲራራ መንገድ ላይ ነበረች፤ ሶሲዮሎጂስቱ ዶናልድ ሌቪን በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በገበያዋ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይሰበሰብ እንደነበር ጽፏል። ያ ሁሉ ገበሬና ነጋዴ ማረሻ፣ ማጭድ፣ ገጀራና ቢላዋ ይፈልጋል። ይህን የሚሠራው ደግሞ በኦሮምኛ «ቱምቱ» የሚባለው ብረት ቀጥቃጭ ነው። በወናፍ ያናፋል፣ በጉጠት ይይዛል፣ በመዶሻ ይቀጠቅጣል።

ከባሕር ማዶ የሚመጣው ብረት እየበዛ ሲሄድ የአፈር ብረት ማቅለጥ በብዙ ቦታ ቀረ። ከዚያ ጣልያን መጣ። አምስቱ ዓመት (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም) ብዙ መከራ ጥሎብን አለፈ፤ የዛሬዋን ጅማ በአዌቱ ወንዝ ዳር ያስፋፋውም ያኔ ነው። መንገድና ካሚዮንም አመጣ። ካሚዮን ያረጃል፤ ሲያረጅ ደግሞ ከታች የሚሸከመው ተደራራቢ ምጣድ ብረት ይወልቃል። ስሙ ማነው? ባሌስትራ! ቃሉ ራሱ የጣልያን ነው፤ እንደ ካቻቢቴና እንደ ላሜራ። ያ ብረት ዞሮ ዞሮ ቀጥቃጩ እጅ ገባ። የአክስታችን ቢላዋ ከዚህ የተሠራ ነው። አንድ ጊዜ የጭነት መኪና ተሸክሞ ነበር፤ አሁን ሽንኩርት ይከትፋል።

«የቁራሌ ብረት ነው» ብላችሁ እንዳትንቁት። የባሌስትራ ብረት ውስጥ ያለው ካርቦን በመቶ ግማሽ ገደማ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ስመ ጥሩዎቹ የጀርመን የማድ ቤት ቢላዋዎች ውስጥ ያለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። (የነሱ ክሮሚየም ስላለበት አይዝግም፤ የኛ ይዝጋል።) ጥሩዎቹ የጃፓን ብረቶች ደግሞ በመቶ አንድና ከዚያ በላይ ካርቦን አላቸው። ስለዚህ ይጠነክራሉ፤ በጣም በስሱ ይሳላሉ፤ ስለታቸውም ቶሎ አይዶለዱምም። ዋጋው ግን አለ። ጠንካራ ነገር ይሰበራል። የባሌስትራው ቢላዋ አጥንት ሲመታ ይጎብጣል ወይም ይደንዛል፤ ጠንካራው የጃፓን ቢላዋ ግን ስለቱ ይሸረፋል።

እንግዲህ ምን እንግዛ?

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ ቢላዋ መምረጥ ቀላል ነው። በመጀመሪያ የምንጠይቀው ዋጋውን አይደለም፤ «እንዴት ነው የምከትፈው?» ብለን ነው።

እናቶቻችን በእጃቸው ይዘው ነው የሚከትፉት። ስለዚህ ቢላዋቸው አጭርና ጠባብ መሆኑ የድህነት ጉዳይ አይደለም፤ ልክ ነው። ረጅምና ሰፊ ቢላዋ ለዚያ አያያዝ አደገኛ ነው። ሳንቶኩ ግን የተሠራው ለመክተፊያ ነው። ስለቱ መክተፊያውን ሲነካ ጣቶቻችሁ እንጨቱን እንዳይመቱ ከእጀታው ወደ ታች ሰፋ ተደርጎ ነው የተበጀው። እንግዲህ ኮንዶሚኒየም ገብታችሁ ቆማችሁ የምትከትፉ ከሆነ ሰፊው ይጠቅማችኋል፤ ዱካ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ሰሐን ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ቅርጽ። ሥራችሁ በአብዛኛው ጎመንና ሽንኩርት ከሆነ ቀጥ ያለ ስለት ያለው ናኪሪ ግሩም ነው፤ ከላይ ወደ ታች ትገፋላችሁ፣ ጎመኑ ግማሹ ሳይቆረጥ ተያይዞ አይቀርም። ሁሉንም በአንድ ለማለት ሳንቶኩ። ሥጋ የምታበዙ፣ በተለይ ክትፎን በወፍጮ ሳይሆን በእጅ ከትፋችሁ የምትወዱ ከሆነ (ስሙም ከመክተፍ ነው የመጣው!) ሆዱ ቆልመም ያለው ግዩቶ ይሻላል፤ ጫፉን መክተፊያው ላይ አሳርፋችሁ ታወዛውዙታላችሁ። ዶሮን አሥራ ሁለት ብልት ማውጣት ደግሞ የሰፊ ቢላዋ ሥራ አይደለም፤ መገጣጠሚያውን የሚያገኝ ትንሽ ሹል ቢላዋ ነው የሚፈልገው። ደባን ግን ተዉት። ዓሣ በየቀኑ ካልበለታችሁ በቀር ሥራ አይኖረውም።

መጠን። ሳንቶኩ በአብዛኛው ከ16 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለጠባብ ማድ ቤትና ለትንሽ መክተፊያ ይኸው ይበቃል። ግዩቶ 21 ሴንቲ ሜትር ለጀማሪ ጥሩ ነው። ትንሿ ከ12 እስከ 15። ሁለት ቢላዋ፣ አንድ ሰፊና አንድ ትንሽ፣ ለአንድ ቤት በቂ ነው። በእንጨት ማስቀመጫ የሚሸጠውን የስምንት ቢላዋ ስብስብ ለሠርግ ስጦታ ተዉት።

አያያዝ። ሱቅ ውስጥ ሣጥኑን ብቻ አይታችሁ አትግዙ፤ ያዙት። እጀታውን ብቻ ሳይሆን ብረቱ ከእጀታው የሚገናኝበትን ቦታ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጠጥ አድርጋችሁ ያዙ። ወደ ፊት የሚደፋ ወይም ወደ ኋላ የሚጎትት ከሆነ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ሳትጨርሱ ክንዳችሁ ይደክማል። እጀታው ከብረቱ ጋር ክፍተት እንዳይኖረው እዩ፤ እዚያ ውኃ ይገባል፣ ይዝጋል፣ ይሸታል። ብረቱን ከጀርባው በኩል እዩት፤ ወደ ስለቱ እየሳሳ መውረድ አለበት። ማዕበሉን አትመኑ! እውነተኛው ማዕበል የሚመጣው የተለያዩ ብረቶች ተደራርበው ሲቀጠቀጡ ነው፤ ርካሽ ቢላዋ ላይ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ከላይ የታተመ ሥዕል ነው። የኛ አክስት በሽቦ ታሳያችኋለች።

ከገዛችሁ በኋላ ደግሞ አጥንት አትምቱበት፣ ቆርቆሮ አትክፈቱበት፣ ሰሐን ላይ አትክተፉበት። አጥባችሁ ወዲያው አድርቁት። ሲደንዝ በመሳያ ድንጋይ ሳሉት። ጥሩ የመሳያ ድንጋይ ያለው ርካሽ ቢላዋ፣ ድንጋይ ከሌለው ውድ ቢላዋ ይበልጣል።

ያላነበብነው ገጽ

አሁን ወደ ማኅተሟ እንመለስ።

የኛ ሰው ጃፓንን ማድነቅ የጀመረው ዛሬ አይደለም። በ1923 ዓ.ም ኢትዮጵያና ጃፓን የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። ቀጥሎ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓን ሄደው ጎበኙ፤ ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ ጻፉ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥታችን ከሜጂው ሕገ መንግሥት የተቀዳ ብዙ ነገር አለው። በዚያው ዘመን የጃፓን የጥጥ ጨርቅ ገበያችንን ሞልቶት ነበር። ቆይተውም ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ጠየቁ። በኛ ዘመን ደግሞ ካይዘን መጣ፤ በ2004 ዓ.ም ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለት በየፋብሪካው ተሰበከ።

ሕጉን አየን፣ ጨርቁን ገዛን፣ ሥልጠናውን ወሰድን። ቀጥቃጩን ግን አላየነውም።

በኛ አገር ቀጥቃጭ ማለት ስድብ ነበር። በብዙ የአገራችን ክፍሎች ቡዳ ይባላል፤ ከሱ ጋር አይበሉም፣ አይጋቡም። በ1950ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ጅማን ያጠናው አንትሮፖሎጂስት ኸርበርት ሉዊስ በመጽሐፉ እንደገለጸው በአባ ጅፋር አገርም ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪው ከሌላው ሕዝብ ተለይተው የሚታዩ ነበሩ። ዓፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ለማሠራት የፈረንጅ ሚስዮናውያንን ነው ሰብስበው የያዙት። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅም መሬት እንዳይይዙ ተደርገው ለኖሩ ባለእጆች በሕግ በር ከፈተ። አዋጁ አለ፤ ስድቡም አለ።

ጃፓንም ንጹሕ ነበረች ማለታችን አይደለም። እዚያም ቆዳ የሚያለፉና ከብት የሚያርዱ ሰዎች እንደ ርኩስ ይታዩ ነበር፤ በ1871 በአዋጅ እኩል ናቸው ቢባልም መገለሉ በአንድ ቀን አልቆመም። ጎራዴ ሠሪው ግን የተከበረ ነበር። ስሙን ብረቱ ላይ ይቀርጽ ነበር። የኛ ቀጥቃጭ ስሙን የት ይቅረጽ? ስሙ ከተነገረ ቢላዋውን የሚገዛው ይቀንስበታል እንጂ አይጨምርለትም።

በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

አጥንት ትመቱበታላችሁ?

በሚቀጥለው ጊዜ ሰኮሩ ስንሄድ ከደብተር ላይ አንድ ወረቀት ገንጥለን የሳንቶኩን ቅርጽ በልኩ ሣልን። 17 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ ከአራት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያልበለጠ ስፋት። ይዘን ወደ ገበያው ሄድን። ሽማግሌው ወረቀቱን አገላብጠው አዩት፤ በጣታቸው ለኩት።

«አጥንት ትመቱበታላችሁ?» አሉን።

«አይ አባባ፣ ሽንኩርትና ጎመን ብቻ ነው።»

«እንዲያ ከሆነማ ጀርባውን ላሳሳው እችላለሁ። የሚገዛው ሰው ሁሉንም በአንዱ ይመታል፤ ለዚያ ነው ሁልጊዜ የምናወፍረው።»

ደንግጠን ተያየን። ስንቱን ገጽ አንብበን የደረስንበትን ነገር እሳቸው በአንድ ጥያቄ ጨረሱት። ስስ ቢላዋ መሥራት አቅቷቸው አይደለም፤ ስስ ቢላዋ ሥሩልኝ ያላቸው የለም።

ቢላዋው ደረሰ። እውነቱን እንናገር፣ እጀታው ትንሽ ይከብዳል፤ ጀርባውም ቀጥ ብሎ አልወጣም። ሳናደርቀው ያደርንበት ዕለት ዝገት ጀመረው። ግን ቲማቲሙን ሳይጨፈልቅ ይቆርጣል፤ በየሳምንቱ በድንጋይ ስናሰላው ደግሞ ይበልጥ እየተገራ ነው። የሁለተኛው ሥዕል ከፊተኛው ይሻላል፤ እጀታውን ቀጠን አድርገን ሥለናል።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር አንለፍ። ሽማግሌው ቢላዋውን ያመጡልን አክስታችን ቤት ድረስ ነው። ቡና ተፈልቶ ነበር። እሳቸው ደጃፍ ላይ ቆሙ እንጂ አልገቡም። አክስታችን፣ ያ ሃያ ዓመት የሚያገለግላት ቢላዋ የእሳቸው ሥራ የሆነው አክስታችን፣ ሲኒውን ይዛ ወጥታ ሰጠቻቸው። ቆመው ጠጡ። «ይግቡ» አላለችም።

እሷን ብቻ አንክሰስ። እኛም አላልንም። ዩኒቨርሲቲ ገብተን፣ ጋዜጠኝነት ተምረን፣ ስለ እኩልነት ስንት ወረቀት ጽፈን፣ ያቺን አንዲት ቃል ከአፋችን ማውጣት አቃተን። ሲኒው ከሌሎቹ ጋር ይታጠብ ወይም ለብቻው ይቀመጥ ዞር ብለን አላየንም፤ ማየት ስላልፈለግን ነው።

በሚቀጥለው ጉዞ ሁለተኛውን ሥዕል ይዘን እንሄዳለን። ያኔ ቡናው ሲፈላ «አባባ፣ ይግቡ» የምንለው እኛ ነን። እናንተም የጃፓን ፊደል ያለበትን ሣጥን ከማንሳታችሁ በፊት በሰፈራችሁ ገበያ መዶሻ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ካለ አንድ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ስሙንም ጠይቁት።